ጎሎንድሪናና ግልባጯ

አብሮ አደጌ ሌዛማ፣

እዚህ ፒላር ከተማ፣ በፈረስ ኳስ በሚመታበት የፖሎ ሜዳ ላይ፣ አለቃዬ ዶን ኤቫሪስቶ በቁሜ ሊጨርሰኝ ነው! ዛሬ ከድሮ ፈረሱ ከጎሎንድሪና ቆዳ በላቦራቶሪ የተባዛችው ፈረስ አንገት ላይ ተጠምጥሞ «ውዴ፣ ዋንጫችን ትዝ ይልሻል?» እያለ አለቀሰ። ያኔ መቼ ተወለደችና! ትከሻውን ነከሰችው።

ዋናዋ ጎሎንድሪና ጡረተኛ ናት። ለጨዋታ ሁሌ ይላጭ የነበረው ጋማዋ አድጓል። ድምፁን ስትሰማ እያሽካካች መጥታ በአጥሩ ላይ ኪሱን አሸተተች።

«ይቺን አሮጊት ከፊቴ አንሳልኝ!»

«ጌታዬ፣ እሷ እኮ ናት!»

«ፈረሴን አንተ ልታሳውቀኝ ነው?» ብሎ ጥሎኝ ሄደ።

እኛ አገር ኮሪየንቴስ የሰከረ ሰው እንኳ ፈረሱን አይስትም!

እማማ ራሞናን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፣ ልጆቹንም። ፖስት ካርዱ ሞላ። ጎሎንድሪና ግን አሁንም አንገቷን በአጥሩ አሻግራ የሄደበትን ታያለች።

ያንተው ኔሜሲዮ