ሙጫ የማይዘው ቧንቧ

አጎቴ፣ ሲነሱ ውሃ ቢያጡ አይደንግጡ። ከቆጣሪው የዘጋሁት እኔ ነኝ።
እባክዎ አይክፈቱት።
ሁለት ባልዲ ሞልቼልዎታለሁ።

ትናንት ከዕቃ ማጠቢያው ሥር በሙጫ የቀጠሉት ነጭ ቧንቧ ተላቅቆ፣ ወጥ ቤቱ ኩሬ ሆኖ ነው የነጋው። ሙጫ የሚይዘው ግራጫውን የፍሳሽ ቧንቧ ነው። ነጩ ግን ጫፉ በማሽን ግሎ፣ ሳይቀዘቅዝ ነው የሚጣበቀው። የብረቱ ደግሞ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን የሚባለው ስስ ነጭ ጥብጣብ ተጠምጥሞ ይጠብቃል። እርስዎ የጠመጠሙበት ቴፍሎን አይደለም፤ ክራቫቴ ነው።
ለዛሬው የሥራ ቃለ መጠይቅ ያለ ክራቫት ሄጃለሁ።

«ሙያ በልብ ነው» ብለውኝ ነበር። በልብ ቢቀር ጥሩ ነበር።

ትናንት ማታ ክራቫቴን ሳይ የጮህኩት ቧንቧው ላይ ነው። እርስዎ አጠገቡ ስለቆሙ ነው የመሰለዎት።
ምሳዎ ምድጃው ላይ ተከድኗል።

ቧንቧ ሠራተኛው ከሰዓት በኋላ ይመጣል። በሩን ብቻ ይክፈቱለት፤ መፍቻ ላቀብልህ እንዳይሉት። ክራቫቱን ሲያይ «ይሄን ደግሞ ማን ሠራው?» ብሎ መሳቁ አይቀርም። ሰፈሩን ሁሉ ያውቃል፣ ለሁሉም ያወራል።
«የእህቴ ልጅ ነው» ይበሉት።