እምቢ ያለች ቀስት

ፒያሳ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን

ይድረስ ደሴ ላለችው እህቴ፤

እንዴት ነሽልኝ እትዬ? የደሴ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔ፣ ጥለሽው የሄድሽው ቆንጆ ወንድምሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አባባም ደህና ነው። ይህችን ደህና ለጊዜው ያዢልኝ።

ስምንተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር በስምምነት ስለተለያየን፣ ሆሄ ብስት ቀይ እስክሪብቶ እንዳታወጪ። በስልክ ያልነገርኩሽ የአባባ ፎቶ ቤት ጠባብ ስለሆነ ነው፤ እኔ ሳወራ አባባ ይሰማል። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የአውቶቡሱ ሾፌር እንድሪስ ነው። ሻይ ጋብዢው፤ ወጥ ግን እንዳታቀርቢለት፣ መኪና የሚነዳ ሰው ነው።

አሁን ወንበር ፈልገሽ ተቀመጪ። በጥልቅ ሐዘን የማሳውቅሽ ነገር አለ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በኮምፒዩተራችን ላይ አባባን በታማኝነት ስታገለግል የኖረችው የማውሱ ቀስት፣ ከጥቅምት 23 ቀን ጀምሮ አልታዘዝም ብላለች። ለመላው ቤተሰብ መጽናናትን እመኛለሁ።

ሳቅሽ? አሁኑኑ ሳቂ፣ ወደ ታች ሳቅ የለም።

ኮምፒዩተሩ ውስጥ ማውሱ የሚስተካከልበት ቦታ አለ። እዚያ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የምትንሸራተት ምልክት አለች፤ ወደ ቀኝ ስትገፊያት ቀስቷ ትፈጥናለች፣ ወደ ግራ ስትጎትቻት ትንቀራፈፋለች። ከሥሯ ራይት የሚደረግባት ሳጥን አለች። ተንኮለኛዋ እሷ ናት። ራይት ካደረግሽባት፣ ቀስቷ የእጅሽን ፍጥነት እያየች ከራሷ ትጨምርበታለች። እጅሽ ቀስ ሲል ቀስ ትላለች፤ እጅሽ ትንሽ ፈጠን ካለ ግን ትበራለች። አባባ ይህን አይወድም። ምልክቷን መሐል ላይ፣ ሳጥኗን ባዶ አድርጎ ነው የኖረው። የፎቶ ኔጌቲቭ በእርሳስና በምላጭ ሲያስተካክል ያረጀ ሰው፣ እጁ የሄደበትን ያህል ብቻ የሚሄድ ነገር ነው የሚፈልገው። ከእኔ በላይ የምታውቅ ቀስት ቤቴ አትገባም ይላል።

አባባ በጊዮርጊስ ቀን ሥራ እንደማይነካ ታውቂያለሽ። የዚያን ዕለት ግን የእሪ በከንቱዋ ወይዘሮ ደብሪቱ መጥተው ለመኑት። የባላቸው ሙት ዓመት ለ25 ነው፤ ሰውየው ለብቻቸው የተነሱት ፎቶ የለም፤ ከአንድ የድሮ ሠርግ ፎቶ ላይ፣ ከአሥራ አንድ ሰው መሐል ተቆርጠው መውጣት አለባቸው። አባባ አስቀድሼ ልምጣና እሠራዋለሁ አለ። እሱ እስኪመለስ እኔ ሥራ ፈታሁ። ሥራ ስፈታ የማደርገውን ለአንቺ መንገር የለብኝም። ምልክቷን ቀኝ ጫፍ ድረስ ገፋኋት፣ ራይቷን አደረግሁ፣ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ።

አባባ መጥቶ ተቀመጠ። በሟቹ ጆሮ ዙሪያ ሊዞር ሲል፣ ቀስቷ ጆሮውን በጥሳ ሙሽራዋ ቬሎ ውስጥ ገባች። መለሳት። አሁንም ጆሮውን ቆርጣ ጣሪያ ወጣች። ወይዘሮ ደብሪቱ ከኋላው ቆመው፣ ጋሽ እምሩ፣ የኔ ሰውዬ እኮ ሁለት ጆሮ ነበረው አሉ። ጎረቤታችን ሰዓት ሠሪው ተክላይ አንገቱን አስግጎ፣ ሁለት ሆነውስ መቼ ሰምቶዎት ያውቃል አላቸው። ሴትዮዋ ራሳቸው ሳቁ። እኔማ ሳቄ እንዳያመልጠኝ እጄን ነክሼ ነበር።

አባባ ግን አልሳቀም። አልተቆጣምም። እጁን ከማውሱ ላይ አነሳና የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ገልብጦ አየው። ከዚያ አማተበ። በቀኑ ሠርቼበት ነው አለ፤ ጊዮርጊስ ነው የያዘኝ አለ። ኮቱን ለብሶ ወጣ።

መናገር ያን ጊዜ ነበር። አልተናገርኩም። እንዲህ ያለ ሙድ በዓመት አንዴ ነው የሚገኘው ብዬ ለነገ አሳደርኩት። ነገ ጠበል ጠጥቶ ሲመጣ ቀስቷን ተስተካክላ ያገኛታል፣ ተአምር ነው ይላል፣ ተአምር የሠራው ማን እንደሆነ እነግረዋለሁ፣ ጫማውን አውልቆ ያባርረኛል፣ ቸርችልን ቁልቁል እፈተለካለሁ። ሐሳቤ ይኸው ነበር። ሁሉንም እንደነበረ መለስኩት። ምልክቷ መሐል፣ ሳጥኗ ባዶ።

በማግሥቱ መጣ። ተቀመጠ፣ ማውሱን ያዘ፣ ቀስቷ ጆሮውን በጠሰችው።

እትዬ፣ መጀመሪያ መመለሱን የረሳሁት መሰለኝ። ቆይ አባባ ብዬ ከፍቼ አየሁ። ምልክቷ መሐል ናት። ሳጥኗም ባዶ ናት። ቀስቷን እኔ ስይዛት በግ ናት፤ የሰውየውን ጆሮ ዙሪያውን ዞርኩት። አባባ ሲይዛት ትበረግጋለች።

እዚያች ደቂቃ ላይ በዓለም ላይ የቀረኝ ንብረት ጥፋቴ ብቻ ነበር። በእሱ ላይ ተንጠለጠልኩ። አባባ እኔ ነኝ አልኩት። ነካክቼው ነው፣ ጊዮርጊስ የለበትም፣ እጅህ ምንም አልሆነም፣ እኔ ነኝ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። በመታኝ ብዬም ተመኘሁ። የእሱ ፊት ግን በራ። አንተ ነህ? አለኝ። አዎ አልኩት። ዛሬም? አለኝ። ዛሬም አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ ሰኔ ላይ የደንበኛችንን የናዝራዊትን የምርቃት ፎቶ ያበላሸሁ ጊዜም አንተ ነበርክ? አለኝ። እኔ ነበርኩ አልኩት።

ሰኔን ሙሉ የት እንደነበርኩ አንቺ ታውቂያለሽ። ደሴ፣ ሶፋሽ ላይ ተጋድሜ ሽሮሽን ሳማ ነበር። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኝቶ ያሳፈረኝ እሱ ራሱ ነው፤ የመቀመጫ ቁጥሬን እንኳ አንብቦ ያሳየኝ እሱ ነው።

አባባ ማውሱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ከዚያ፣ እንኳን አንተ ሆንክ አለኝ። በል አሁን አስተካክለው አለኝ።

ምኑን ላስተካክለው? ወደ ግራ አንድ ነጥብ ጎተትኳት። አባባ ጠረጴዛ እንደሚወለውል ሰው ማውሱን እያነሳ እያስቀመጠ ቀኑን ሙሉ ታገለ፤ ሰውየው ግን በሁለት ጆሯቸው ወጡ። ወይዘሮ ደብሪቱ ፎቶውን እቅፍ አድርገው አለቀሱ፣ አባባን መረቁት። አባባ ለተክላይ፣ ይኼ ሌባ ጉድ ሠራኝ እኮ እያለ እየሳቀ ነገረው። ተክላይ ይኸው እስከ ዛሬ ባየኝ ቁጥር፣ እንዴት አደርክ ጊዮርጊስ ይለኛል።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከአባባ ቀድሜ እገባለሁ። ሰፈሩ ልጁ ሥራ ወደደ እያለ ነው፤ ስሜ እየጠፋ ነው። እየቆየሁ አንድ አንድ ነጥብ ወደ ግራ እጎትታታለሁ። አባባ ሲቀመጥ፣ ዛሬም ነካካህብኝ? ይለኛል። አዎ እለዋለሁ። ይሰድበኛል። ሥራ የምንጀምረው እንደዚያ ተባብለን ነው። ሻይ በግማሽ ብርጭቆ ማዘዝ ጀምሯል። ፊርማዬን ተለማመዳት፣ አንድ ቀን ታስፈልግሃለች ብሎም እንደ ቀልድ ወረቀት ሰጥቶኛል። አሁን እሱ ከሚፈርመው ይልቅ እኔ የምፈርመው የእሱን ፊርማ ይመስላል።

ባለፈው ሳምንት ግራ ጫፍ ደረስኩ። ከዚያ ወዲያ አትሄድም። ጎተትኳት፣ ለመንኳት፣ ሰደብኳት። የሠሯት ሰዎች ከዚያ በላይ ቀስ እንድትልለት የሚፈልግ ሰው ይኖራል ብለው አላሰቡም። ዛሬ ጠዋት አባባ፣ ዛሬም ነካካህብኝ? አለኝ። አዎ አልኩት። የቀረ የምነካው ግን የለም።

ሐኪም ቤት ውሰደው እንዳትዪኝ። ብዬዋለሁ። መታየት ያለበት ያንተ እጅ ነው፣ የሰው ዕቃ መነካካት አመል ሆኖበታል ብሎኝ ዞረ። እኔም አልደገምኩም። ስንቱን የምለፈልፈው ልጅ ለዚህ ምላስ አጣሁ።

ለገና ነይ። ነርስነትሽን እዚያው ተይውና እህቴ ሆነሽ ነይ። ስትስሚው ቀኝ እጁን ከሌላው ጊዜ ትንሽ ረዘም አድርገሽ ያዢው። ያወቅሽውን ለእሱ እንዳትነግሪው። ለእኔም በዓሉ እስኪያልፍ አትንገሪኝ።

መንገድሽን ይጥረግልሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ ሞገስ ይስጥሽ። የአራዳው ጊዮርጊስም ይከተልሽ፤ በእኔ ሥራ ስሙ ስለታማ ቂም ካልያዘብኝ። አሁን ከላይ እስከ ታች ሳነበው ያን ያህል ደብዳቤ የሚያስጽፍ ነገር አይደለም። ቀስቷ ከጥፍር ታንሳለች። አንድ ሽማግሌ አንድ ጆሮ ሳተ፣ እሱም ተስተካክሏል። ትንሽ ነገር ነው እትዬ።

ጥፋቱ ሁሉ የእሱ የሆነው
ወንድምሽ