ሰይድ፣ ቲ. የሚባለው ሰው

ሰኞ

ኮማ ነው እንጂ ነጥብ አይደለም። ተማም ሁለቴ ደገመልኝ፤ እንዳልረሳው እዚህ ጻፍኩት። ከስሙ በኋላ ኮማ፣ ከአንዷ ፊደል በኋላ ነጥብ፣ ዓመቱ በቅንፍ።

ተማም ከልጄ ከዘይነባ ጋር ኮምቦልቻ ያስተምር ነበር። ዘይነባ ካረፈች አስር ወሯ። ማሾ ስለሚባለው ጥራጥሬ የሠራችው ጥናት በእሱ በኩል ለመጽሔት ተልኮ ነበር። አሁን መልስ መጣ፤ ጥናቱ ጥሩ ነው፣ ግን የዋቢዎቹ ዝርዝር ተስተካክሎ እስከ ዓርብ ካልደረሰን እንተወዋለን አሉ።

ዋቢ ማለት ምስክር ነው። ጸሐፊው የሚለውን ነገር ከማን እንዳገኘው መናገር አለበት። ይኼ ቶሎ ገባኝ። ሼኮቻችንም ሐዲስ ሲነግሩ እገሌ ከእገሌ ሰምቶ ነው የሚሉት።

ዝርዝሩ ያለው በዘይነባ ደብተር ላይ ነው። ጽሑፏ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው፤ ተማም ማንበብ አቃተው። እኔ ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የማውቀው ጭረት ነው። ትምህርቴን ስምንተኛ ላይ ባቆምም የእንግሊዝኛውን ፊደል አልረሳሁም። ደግሞ ሃያ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ስፈትሽ ነው የኖርኩት።

ዛሬ ያገኘሁት፦ የጎደለ ኮማ አስራ አንድ። ያልተዘጋ ቅንፍ ሦስት። ሁለት ጊዜ የተጻፈ ሰው አንድ። ተማም «እትዬ፣ እርስዎ የት ነበሩ እስከዛሬ?» አለኝ። ጨርቅ ላይ ነበርኩ አልኩት።

ማክሰኞ

ሠላሳ ስምንቱ ምስክሮች ተገኙ። አንዱ ጠፋ።

ደብተሩ ላይ «ሰይድ፣ ቲ.» ይላል፣ አለቀ። መጽሐፍ የለው፣ ዓመት የለው። ከጎኑ የነበረውን ሻይ ፈሶበት አጥፍቶታል። ሻይ እየጠጣሽ አትጻፊ ብዬ ስንቴ ተናገርኩ!

ሰይድ ምን አለ ተብሎ ነው በምስክርነት የተጠራው አልኩት። ተማም ፈልጎ አነበበልኝ፦ ማሾን ከጤፍ ጋር ደባልቆ ማስቀመጥ ከነቀዝ ይጠብቀዋል።

ሳቄ መጣ። «ለዚህ ነው ምስክር የሚፈለገው? እናቴ አገር ቢስቲማ ያለች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች! ጤፉ ክፍተቱን ይሞላዋል፣ ነቀዙ መላወሻ ያጣል።»

«እትዬ፣ ጥናቱ የተነሣው ከዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። ሰውየው ካልተገኘ ትሰረዛለች። እሷ ከተሰረዘች ሌላው በምን ይቆማል?»

ተናደድኩ። ይኼ ሰይድ የሚባል ሰው የእናቶቻችንን ነገር ወስዶ ምሁር ሆኖበታል፤ አሁን ደግሞ ሲፈለግ ይደበቃል። ሌባ ነው አልኩ።

ችግሩ ወሎ ውስጥ ሰይድ ያልሆነ ማን አለ? የራሴ አባትም ሰይድ ነበሩ፣ አላህ ይዘንላቸው። እሳቸው ግን ከቁርኣን በቀር መጽሐፍ አልነኩም።

ረቡዕ

ለተማም ሳልነግረው በራሴ መፈለግ ጀመርኩ።

አንደኛ፣ ኩታበር ያሉት ሰይድ ጣሂር። ጡረታ የወጡ የመንግሥት ባለሙያ ናቸው። ስደውል «ማሾ? እኔ የከብት ሐኪም ነበርኩ እኮ!» አሉ። ነገሩን ሳስረዳቸው አዘኑልኝ። «ምስክር ከጠፋ ጻፉኝ፣ ወላሂ እመሰክራለሁ።» አመስግኜ ተውኩት። በሐሰት ምስክር የልጄ ሥራ አይታተምም።

ሁለተኛ፣ እዚሁ ሰፈራችን ሆጤ ያለው ባለሱቁ ሰይድ ቶፊቅ። ማሾ ይሸጣል እንጂ አልጻፈም። ሳልገዛ አልለቅ አለኝ፣ አንድ ኪሎ ይዤ ገባሁ።

ከሰዓት ባለቤቴ አህመድ የጥናቱን ወረቀት አነሣ። ከላይ የዘይነባ ስም ባለበት «አህመድ፣ ዜድ.» ይላል። ዓይኑ በራ።

«ጦይባ! ስሜን አስቀድመውታል እኮ!»

«አንተ ማሾ ከመብላት በቀር ምን ሠራህ?»

«አባቷ አይደለሁም እንዴ?»

ተማም ጋ ደወልኩ። ልጄን አንድ ፊደል ያደረጋት ማን ነው አልኩት። «ኧረ እትዬ፣ እኔ አይደለሁም! የፈረንጅ ደንብ ነው። የአባት ስም ይቀድማል፣ የራስ ስም ያጥራል።»

ዝርዝሩን መልሼ አየሁት። እዚያ ያሉት ስድስት መሐመዶች ለካ አባቶች ናቸው። የደከሙት ልጆቹ፣ የሚጠሩት አባቶቹ።

«ታዲያ ያ የጠፋው ሰውም ሰይድ አይደለማ?» አልኩት።

«አይደለም፣ የሰይድ ልጅ ነው። ቶፊቅ ሰይድን ጠየቅኩ፣ ታጁ ሰይድን ጠየቅኩ፣ አናውቅም አሉ። እርስዎ ማንን ሲፈልጉ ነበር?»

ሁለቱን ሰይዶች ነገርኩት። ስልኩ ውስጥ እስኪያስለው ሳቀ።

አህመድ ለጎረቤት ሊያወራ ተነሥቶ ነበር። በሩ ጋ ቆመና ተመለሰ። «ዘይነባ ብለው ቢጽፏት ይሻል ነበር» አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

ሐሙስ

የጠፋውን ሰው ከተማም ጋር አብረን ልንፈልግ ደብተሩን ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ቁልቁለቱ ላይ ጆሮዬ ተደፈነ። ከታች ሙቀቱ ነጠላዬን አስወለቀኝ።

ተማም ሊቀበለኝ የሚያስተምርበት ግቢ በር ላይ ቆሟል። ዘበኛው መዝገቡን ገለጠ።

«ስም ከነአባት።»

«ጦይባ ሰይድ።»

ተማም ዞረ። «ማን አሉ?»

«ጦይባ ሰይድ ነዋ።»

ይኼ ልጅ ሦስት ዓመት ቤቴ ሲመላለስ እትዬ እንጂ ስሜን ጠይቆ አያውቅም። ራሱን በሁለት እጁ ያዘና ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ።

ዘበኛው ተጠራጠረኝ። «ምን አሉት እናቴ? ጠብ ካላችሁ አላስገባም።»

«ጠብ የለንም፣ ስሜን ነው የነገርኩት።»

«ቲ.» አለ ተማም ወደኔ ቀና ብሎ። «ቲ. እርስዎ ነዎት፤ ጦይባ በእንግሊዝኛ በቲ ነው የሚጀምረው። የሰይድ ልጅ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። ማክሰኞ ሌባ ያልኩት ራሴን ነው።

ትዝ አለኝ። ቢስቲማ፣ የእናቴ ቤት፣ ማሾና ጤፍ ስንደባልቅ ነው ለዘይነባ የነገርኳት። ዓይኗን ከስልኳ አልነቅል ብላ ነበር። «ለማን ነው የማወራው?» ብዬ ተቆጣኋት። «እየሰማሁ ነው እማ» አለችኝ፤ አላመንኳትም። ለካ ስልኳ ላይ እየጻፈችው ነበር።

ዘበኛው ወንበሩን ለቀቀልኝ።

ዓርብ

ተማም ደንቡን አነበበልኝ። በቃል የተነገረ ነገር ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። እዚያው ዓረፍተ ነገሯ አጠገብ፣ በቅንፍ፣ ከተናጋሪው ሙሉ ስም ጋር ይቀመጣል። ተናጋሪውም «አዎ ብያለሁ» ብሎ መፈረም አለበት።

ስለዚህ ሦስት ቀን ሙሉ የፈለግሁትን «ሰይድ፣ ቲ.» በራሴ እስክሪብቶ ሰረዝኩት። ዓረፍተ ነገሯ ግን ተረፈች።

ተማም ሌላም ነገር ጨመረልኝ። ጸሐፊዋ በራሷ ስም እንድትጠራ ቤተሰቧ ይለምናል ብሎ ጻፈላቸው። እሺ ይበሉ እምቢ ይበሉ አላህ ያውቃል። አህመድ እሱም ፈረመበት፣ ስሙ ወደ ኋላ ይሁን ብሎ።

ከጁምዓ ሶላት መልስ ተላከ። መልሱ መቼ እንደሚመጣ ተማምም አያውቅም።

ከመላኩ በፊት እኔ የምፈርምበትን ወረቀት ሰጠኝ። እጄ ቀርፋፋ ነው፣ እሱም አላጣደፈኝም። ስሜን ሳላገላብጥ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ጦይባ ሰይድ፣ የዘይነባ እናት።

ኮማውን ሁለቴ አየሁት። ቦታው ላይ ነው።