ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ ማዶ ያለው ማሽን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ጠዋት 2፡15

የመላጊያ ማሽኑን ሦስት ቢላዎች አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ደርድሬያለሁ። ሁለቱ ደንዝዘዋል። ሦስተኛው ተሸርፏል፤ ሚስማር ያለበት ጣውላ በልቷል። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳላይ ነው ያስገባሁት። መሳያ ድንጋዩን ውሃ ውስጥ ነክሬዋለሁ፤ እስኪጠጣ ድረስ ይህን ልጻፍ።

ማስታወሻዬ፣ ብርነሽ ከሄደች ዛሬ አርባ ቀን ሞላት። ቃሉ ራሱ ደስ አይልም፣ ተዝካር ያስመስለዋል። ሚስቴ የሄደችው ግን ቤቴል ነው፣ ልጃችን ሰናይት ጋ። መስቀልን እንኳ ቤቷ አልዋለችም። ሐኪሙ አስም ነው፣ የእንጨት አቧራ ካለበት ቤት ትውጣ አለ። ወርክሾፔ ደግሞ ከመኝታ ቤታችን ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ የቆርቆሮ ዛኒጋባ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያው ላግቻለሁ። ሦስት ዓመት ስታስል ጉንፋን ነው ስንል ኖርን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ሰጋቱራም እንደዚያው።

ያው ቀን፣ ከሰዓት 9፡00

ቢላዎቹ ተስለዋል። የክንዴን ፀጉር ላጩ። መግጠሙ ግን አቃተኝ። ቢላ መግጠም የሁለት ሰው ሥራ ነው። ሶኬቱ ይነቀላል፤ አንዱ ቢላዎቹ የሚታሰሩበትን ሮለር በእጁ ቀስ አድርጎ ያዞራል፣ ሌላው ጎንበስ ብሎ ሦስቱም እኩል መውጣታቸውን ያያል። የምታዞረው ብርነሽ ነበረች። ሦስተኛው ቢላ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ፀጉር ታህል ቀርቶታል ትለኛለች። ሁልጊዜ ልክ ናት። ምን እንደምታይ አላውቅም፤ መነጽሩ ያለው እኔ ዓይን ላይ ነው።

ዛሬ በአንድ እጄ እያዞርኩ ብቻዬን ሞከርኩ። ለሙከራ ያሳለፍኩት ጣውላ ወገቡ ላይ ተበልቶ ወጣ። ተውኩት።

ናፍቃኛለች። ይኸው ጻፍኩት። በስልክ አልነግራትም፣ ሆዷ ይባባል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6። ምሳ ሰዓት

ደወለች። ስለ በሩ ማጠፊያ አወራን፣ ስለ ውሃ መጥፋት አወራን። ስለ እኛ ማናችንም ትንፍሽ አላልንም። በመጨረሻ ተናገረች። ለመድኃኔ ዓለም ትመጣለች! በ26 ገብታ፣ ንግሡን ውላ፣ ሦስት ቀን ታድራለች። ደረቷ ከቻለው ትቀራለች። ካልቻለው ሰናይት ቁም ሳጥኗን ለእናቷ ልትለቅላት ነው፤ ልብሷ በሙሉ ቤቴል ይሄዳል።

በሙሉ። ቀሚሶቿ፣ ሸማዋ፣ ያ የማትለብሰው ኮት ሳይቀር።

እሑድ፣ ጥቅምት 9። 11 ሰዓት

ቤቴል ሄጄ መጣሁ። ከመሄዴ በፊት ሁለት ጊዜ ታጠብኩ፣ ከሣጥን የወጣ ሸሚዝ ለበስኩ። ለሚስቴ። ሠርጌ ላይ እንኳ እንደዚህ አልተጨነቅኩም።

እንግዳ ሆኜ ተቀመጥኩ። ሻይ በሰሐን ቀረበልኝ። ብርነሽ ወፍራለች፣ ፊቷ ጠርቷል፣ ደረጃውን ሳታርፍ ትወጣለች። ደስ ሊለኝ ይገባል። ደስ ብሎኛልም። ግን እኔ የሌለሁበት ቦታ አማረባት፣ ይህንን ለማን ነው የሚነግሩት?

ሰናይት በረንዳ ላይ ለብቻዬ ነጥላ ወስዳ ገሠጸችኝ። ማሽኑን አንድ ነገር ካላደረግኩ እማዬን አልለቅም አለች። ልጅ ስትቆጣ እናቷን ትመስላለች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። ከሰዓት

የመጨረሻውን የኤምዲኤፍ ቁም ሳጥን አስረከብኩ፤ ያ ከእንጨት ዱቄት የተጨመቀ ሰሌዳ ሲቆረጥ ቡናማ አቧራው አይጣል ነው። ከዚህ በኋላ እስከ በዓሉ ትእዛዝ አልቀበልም። የማሽኑን ሁለት ኩሽኔታዎች ቀየርኩ፣ የሞተሩን ቺንጊያ አጠበቅኩ፣ ግሪስ ቀባሁ። ተመስገን መጥቶ ሮለሩን ስላዞረልኝ ቢላዎቹም ተገጠሙ። ተመስገን ድሮ እኔ ጋ ሙያ የተማረ ነው፤ አሁን ሳንሱሲ የራሱ ሰፊ ሼድ አለው። ጋሼ፣ ማሽኑን እኔ ጋ ያምጡትና አብረን እንሥራ አለኝ። ይህን ሲለኝ ሦስተኛ ጊዜው ነው።

ተቆጣሁት። በስተርጅና ተቀጣሪ ልታደርገኝ ነው ወይ አልኩት። ልጁ ደነገጠ። ሃያ ሁለት ዓመት ለራሴ አዛዥ ሆኜ፣ የሰው ሼድ ውስጥ ጥግ ይሰጠኝ ልበል? እንዴት ተደርጎ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24። 10 ሰዓት

ወገቤ ተቆረጠ፣ ልቤ ግን ደስ ብሎታል። ዛሬ ትልቁ ጽዳት ነበር። ሙያ ያስተማሩኝ ሽማግሌ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ በዓል ሲመጣ ወርክሾፕ ይነፋል ይሉ ነበር። እሳቸው በአፋቸውና በመጥረጊያ ነበር፤ እኔ ኮምፕሬሰር አለኝ። ከጣራው ማገር ጀምሬ ነፋሁ። ሞተሩን፣ የማሽኑን ሆድ፣ የቆርቆሮውን ሽንሽን ሁሉ። የስንት ዓመት አቧራ እንደ ሽሮ ዱቄት ቦነነ። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ወደ ግቢ አስወጣሁት። ማሽኑ የተገዛ ቀን እንደዚህ አላበራም።

ብርድ ልብሶቿንና ትራሶቿን ከጠዋት ጀምሮ ገመድ ላይ ፀሐይ አስመትቼ አስገባሁ። አልጋውን አነጠፍኩ። ማዕዘኑን እሷ እንደምታጥፈው ለማጠፍ አራት ጊዜ ሞከርኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26። 12፡30

ገባች። ወርክሾፑን በር ላይ ቆማ አየችው፣ ውስጥ አልገባችም። አቤት ጽዳት አለች። ማሽኑን ከሩቅ እንደ ሰው ሰላም አለችው። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ዕቃዎቹን ሁሉ ወደ ቦታቸው መለሰች፣ እኔ የት አድርጌያቸው እንደነበር እየጠየቀች፣ መልሴን ሳትሰማ።

ቤቱ ድምፅ አለው። ሌላ ምን እጽፋለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27። ጠዋት 3፡40

ብቻዬን ነኝ። ነጭ የለበሰ ሰው ሁሉ በበራችን ወደ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ያልፋል። እልልታው ይሰማኛል። ብርነሽ የለችም።

ሌሊቱን ተቀምጣ ነው ያነጋችው። የአስም መድኃኒቷን ፓፍ ሁለት ጊዜ ሳበች፣ ሦስተኛውም አልያዘላትም። የሰናይት ባል በመኪና መጥቶ ወሰዳት፤ ሐኪም ቤት ኦክስጅን ተደርጎላት ተሻላት ብሎ አሁን ደወለ። እግዚአብሔር ይመስገን። ፊደሌ አያምርም።

መኪናው እስኪመጣ አልጋው ጠርዝ ላይ ነበርን። ጣቷን ትራሱ ላይ አሸት አድርጋ አሳየችኝ። ቡናማ። የኤምዲኤፍ ነው፣ የትም ባየው አውቀዋለሁ።

«በምን ነው ያጸዳኸው?»

በኮምፕሬሰር አልኳት። ብርድ ልብሱስ የት ነበር አለች። እዚያው ግቢው ገመድ ላይ ነበር።

«አንተ እኮ አቧራውን አላወጣኸውም» አለች፣ ትንፋሿን በመሐል እየሳበች። «አምጥተህ ከጎኔ አስተኛኸው።»

ልትስቅ ነበር፣ ሳሉ ቀደማት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28። ጠዋት

አርባ ዓመት እንጨት የነካ ሰው ነኝ። ደቃቅ አቧራ ሲነፋ ወጥቶ አይሄድም፤ ይንሳፈፋል፣ ከዚያ ካገኘው ነገር ላይ ያርፋል። ዕቃ ቀለም በምቀባበት ቀን ይህን በደንብ አውቃለሁ። ለቁም ሳጥን የማውቀውን ለሚስቴ ሳላውቅ ቀረሁ።

ዛሬ ፕላስቲክ ገዝቼ ግድግዳውን ልሸፍን ተነሣሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ግማሽ ላይ ተውኩት።

ሰኞ፣ ኅዳር 1። ከምሽቱ 5 ሰዓት

ሰናይት ልብሱን ልትወስድ መጣች። ሻንጣ ይዛ። ኮቱን አልሰጥም አልኳት። አባዬ፣ እማዬ እኮ አትለብሰውም አለች። ለዚያ ነው አልኳት፣ ለማትለብሰው ምን አስቸኮላት። ሰናይት ከቁጣዋ ወርዳ አቀፈችኝ፣ ኮቱንም ተወችው። ቁም ሳጥኑ ውስጥ አሁን እሱና የኔ ሁለት ሱሪዎች አሉ።

ከሰዓት በኋላ ብርነሽ ጋ ደወልኩ። ማሽኑን ባወጣውስ አልኳት። ከምርህ አይደለም አለች። ያለ ማሽን ቤት ውለህ ልትነጫነጭብኝ ነው፣ እኔ ደግሞ በኔ ምክንያት ሥራህን ጣልክ ብዬ ልኖር ነው፣ ይቅር አለች። እዚሁ እሆናለሁ፣ እሑድ እሑድ ትመጣለህ አለች። ድምጿ የተረጋጋ ነበር። ያስፈራኝም እሱ ነው፤ ብርነሽ የምትረጋጋው ነገሩን ስትጨርስ ነው።

እሑድ እሑድ። እንደ እስረኛ ጠያቂ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3። ጠዋት 4፡00

ማሽኑ ከሲሚንቶው ጋር በአራት ብሎን ታስሯል። ሦስቱ ተፈትተዋል። አራተኛው ዝጓል፤ ዘይት አጠጥቼው ከጎኑ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ለተመስገን ደወልኩ። በዚያን ቀን ክፉ ተናግሬሃለሁ አልኩት። ጋሼ፣ እኔ ምንም አልሰማሁም አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው። ቅዳሜ መኪና ይዞ ይመጣል። የማሽኑን ቦታ መስኮቱ ሥር አድርጎልኛል።

ከዚያ ዛኒጋባውን በእርጥብ ጨርቅ አጥባለሁ። በውሃ ብቻ። መኝታ ቤቱንም እንደዚሁ፣ ግድግዳውን ኖራ እቀባለሁ፤ ፍራሹንም እቀይራለሁ። የሥራ ልብሴ ሳንሱሲ ይቀራል፣ እዚያው ታጥቤ እመጣለሁ። ሲያልቅ ቤቴል ሄጄ ሐኪሙንም እሷንም እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ለቀን፣ ከዚያ ለአንድ አዳር እንድትመጣ። እምቢ ልትል ትችላለች። አውቃለሁ።

ብሎኖቹን መፍታት የጀመርኩት እየከፋኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ግን ሦስተኛው ብሎን ላይ አንድ ነገር መጣልኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ ቤቴ ስለነበረ፣ ከሥራ ወደ ቤት ገብቼ አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ። ሰው ሁሉ የሚያደርገውን።

ሲመሽ ከታክሲ ወርጄ፣ የራሴን በር አንኳኩቼ፣ ከውስጥ ማነው ስትለኝ መስማት እፈልጋለሁ።