የቀኙ የበር ቋሚ

ወንድም ጋሼ፣

ይህን የጻፍኩልህ ሳትነሳ ልውጣ ብዬ ነው። በምታድሰው አውቶቡስ አሮጌ እንጨቶች ላይ በጠመኔ ኤክስ ስታደርግ የሚጣሉ መስሎኝ ለጎረቤታችን ለእትዬ ለማገዶ ሰጠኋቸው። አዲሶቹ በነሱ ልክ እንደሚቆረጡ አላወቅሁም። "ዲግሪሽንም አብረሽ ማግጂው" ማለትህ ይገባኛል።

የተረፈው የግራው የበር ቋሚ አልጋህ ሥር ነው።
ገልብጠህ ለቀኙም ለካበት።
የሙጫውን ቆርቆሮ ክደነው፣ ይደርቃል።

አባባ ከመሞቱ በፊት ስማችንን በእርሳስ የጻፈው ግን በቀኙ ላይ ነበር። "ስደርስ ነዶ ነበር" ያልኩህ ውሸት ነው። ላስመልስ እትዬ ቤት ስደርስ ግማሹ ከምድጃው ውጪ ነበር፣ ስማችንም ይነበባል። እትዬ "ግቢ ልጄ፣ ሻይ እየፈላ ነው" አሉኝ። ያውጡልኝ ማለት አፈርኩ።

ነዶ እስኪያልቅ ቆሜ አየሁት፤ ከዚያ በራቸው ላይ የተደገፈውን የግራውን ተሸክሜ መጣሁ።