ሳይሞላ አልነቅልም

ናፍቆትዬ፣

አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለት ጓደኛሽ መቀሌ ገብቷል። የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ለሚያደርግ ድርጅት ማስታወቂያ እየቀረጽን ነው። ዛሬ ዓዲ ሓቂ በሚባለው ሰፈር ወይዘሮ ፍሬወይኒ የሚባሉ ነጋዴ በገዛ መኪናቸው ሊተውኑልን መጡ። ሥራቸው ገመዱን ነቅለው፣ ፈገግ ብለው መንዳት ብቻ ነበር። ፀሐይዋ ልትጠልቅብኝ ነው፤ ካሜራዬን ይዤ እቁነጠነጣለሁ። «በቃ ይንቀሉት!» ስላቸው «ጽናሕ» አሉኝ። እኔ «ያጽናህ» ያሉኝ መስሎኝ ማን ሞተብኝ ብዬ ክው አልኩ! ለካ በትግርኛ «ቆይ» ማለት ነው።

«ከግማሽ በላይ ሞልቷል እኮ፣ እማማ» ብላቸው፣ «በጦርነቱ ጊዜ መብራት ተቋርጦብን ከርመን የለ እንዴ፣ ልጄ? ከዚያ ወዲህ ሳይሞላ ልንቀል ብል እጄ እምቢ ይለኛል» አሉና የጎኑን በር ከፈቱልኝ። «ና፣ አረፍ በል።» አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ፀሐይዋ ስትጠልቅ አየሁ። ቀረጻው ለነገ ተዛወረ። እኛ አዲስ አበባ መብራት ሲሄድ ተራግመን፣ ሲመጣ እንረሳዋለን።

ሆቴል ገብቼ ስልኬን ሰካሁ። እንደ ልማዴ ቶሎ ነቅዬ ልወጣ ስል፣ የእኔም እጅ አልነቅልልህ አለኝ። ስልኩ እስኪሞላ ነው ይሄን ፖስት ካርድ የምጽፍልሽ።

ጋሽ ከፋለን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። የሺወርቅን ያዘዘችኝን ነጭ ማር አልረሳሁም በያት። ፊደሌን ያሳነስኩት ቦታ ጠቦኝ ነው፣ እንዳትስቂ። ካርዱ ሞላ፤ ስልኩ ገና ነው። እኔም አልተነሳሁም።

ቸርነት