ሰላምታቸው ላልገጠመ ሁለት ማሽኖች አለቃ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የኔትወርክ ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ራውተርዎ አረንጓዴ መብራት ሳይጠፋ እንዲሰነብት፣ ቤተሰብዎም ክፉ እንዳይነካው ከልብ እመኛለሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ናት። «አባባ፣ ትንሽ ለዘብ ያድርጉት» ብላኝ ነበር፤ ያልኩትን ብቻ ጻፊ አልኳት።

ባለቤቴ ድንገት አንደበቷ ተሳሰረና የእናንተ ቅርንጫፍ ወደሆነው የሰፈራችን ክሊኒክ ወሰድኳት። ጭንቅላቷን በማሽን ፎቶ አነሷት። ምስሉን የሚያነበው ሐኪም እናንተ ዘንድ ስለሆነ በመስመር ይላካል ተባለ። ጠበቅን፤ አልሄደም። በመጨረሻ ራሷን በመኪና ሲልኳት መንገድ ላይ አረፈች። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ሆስፒታሉ ውስጥ አዲስ ራውተር፣ ያን ምስሉን በመስመር የሚያሻግረውን ማሽን፣ ስላስገቡ አመሰግናለሁ። ከቀብር በኋላ ክሊኒኩ ውስጥ መስመሩን ሲጠግን ያገኘሁት ባለሙያዎ እንዳስረዳኝ፣ እነዚህ ማሽኖች እርስ በርስ ሰላም ይባባላሉ፤ ሰላምታቸው ከገጠመ ጎረቤት ይሆናሉ፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ የሚያውቀውን መንገድ ለሁሉም ያወራል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ካርታ ይይዛሉ። እርስዎ ግን የእናንተው ማሽን ቶሎ ቶሎ ሰላም እንዲል አዘዙና የኛን በድሮው ዝግታው ተዉት። ስለዚህ አንዱ የሌላውን ሰላምታ እየሰማ እንዳልሰማ ያልፈው ጀመር። በሰው ይህ ኩርፊያ ይባላል፤ በእናንተ ቤት ግን ስሙ «ማሻሻያ» ነው አሉ።

፪. የክሊኒኩ ነርስ ምስሉ አልሄደም ብላ ስትደውል፣ «መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ ችግሩ ከእናንተ ነው» ብሎ ስልኩን ለዘጋባት ሠራተኛዎ ምስጋናዬ ይድረሰው። እውነቱን ነው፣ አረንጓዴ ነበር። የባለቤቴን እጅ ይዤ ስመለከተው ቆይቻለሁ።

፫. ለአቤቱታዬ «ማሽኖቹ ሥራ ላይ ነበሩ» የሚል ማኅተም ያረፈበት መልስ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ሥራ ላይማ ነበሩ፤ ሰላም ሲሉ ነው የዋሉት።

ደግሞ ጎረቤቱ ዝም ያለበት ማሽን፣ ጥቂት ጠብቆ ሞቷል ይልና ለሌሎቹ ያሳውቃል ተብያለሁ። ልብስ ሰፊዋም እንደዚያው ናት፤ ጠዋት ሳሌን ካልሰማች በሬን ታንኳኳለች። የኛ ክሊኒክ ዝም ሲላችሁ ከእናንተ መሃል ማን አንኳኳ?

ካሳ አልፈልግም፤ የሞተ አይመለስም። ይልቅ የሌሎቹን ክሊኒኮች ሰላምታ ዛሬውኑ ያስገጥሙ። እዚያም የሰው ሚስት ተኝታለች።

ሥራዎን በቅርብ ለማየት የታደልኩ፣ ጎረቤትዎ ለመሆን ግን ያልበቃሁ፣ በአውራ ጣቴ የፈረምኩ አክባሪዎ፣
የሟቿ ባል

ማስታወሻ፦ ትናንት በባለቤቴ ስልክ ከሆስፒታልዎ መልእክት ገባ። ልብስ ሰፊዋ አነበበችልኝ፦ «ምስልዎ ደርሶናል፤ ሐኪሙ ስለሚጠብቅዎ በአስቸኳይ ይምጡ» ይላል። ማሽንዎ እንኳ ጎረቤቱ ሲሞትበት ያውቃል።